ቁልፉ አነሰ፣ ፊደሉ በዛ

ዛሬ በሸዋ ሮቢት ገበያ ማሾ የሚሸጠውም ሽንኩርት የሚጭነውም ዋጋ የሚጠይቀው በስልክ ነው። ፊደል ለለየ ሰው ግን ስልክ መነጋገሪያ ብቻ አይደለም። መጻፊያና ማንበቢያም ነው። ለመሆኑ በስልክ ላይ አማርኛ መጻፍ ለምን ብዙ ጊዜ አስቸገረ? ነገሩን ከሥሩ እንየው።

በጥቅምት ወር 2001 ዓ.ም. አሜሪካን አገር አንድ ስልክ ለገበያ ወጣ። ስሙ ጂ 1 ይባላል። የሠራው ኤች ቲ ሲ የተባለ የታይዋን ኩባንያ ነው። አንድሮይድ በተባለው የጉግል ፕሮግራም በመሥራት የመጀመሪያው ስልክ እሱ ነበር። ዛሬ በጣት ከምንነካቸው ስልኮች ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚሁ ፕሮግራም ነው።

የስልኩ ክብደት 158 ግራም ነበር። ፎቶግራፍ ያነሳል፤ ካርታ ያሳያል፤ ኢንተርኔት ይከፍታል። መስተዋቱን ወደ ጎን ገፋ ሲያደርጉት ከሥሩ የፊደል ቁልፎች ብቅ ይላሉ፤ ልክ እንደ መሳቢያ። ቁልፎቹ አምስት ረድፍ ናቸው።

ቁልፍ ጥሩ ጎን አለው። ጣት ይዳስሰዋል። የለመደ ሰው ሳያይ ይጽፍበታል። ችግሩ ግን በቁልፉ ላይ የተቀባው ፊደል አይለወጥም። የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ነው። የእኛ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» 33 ነው። እያንዳንዱ ሰባት ቤት አለው። 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ለ231 ፊደል 231 ቁልፍ ይሠራ ቢባል ስልኩ ጥቁር ሰሌዳ ሊያክል ነው!

ይህ ችግር ከስልክ በፊትም ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ የገጠማቸው ይኸው ነው። መላው የፊደሉን ዋና ቅርጽ ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ መምታት ሆነ። «ለ» ተመትቶ ቅጥያ ሲጨመርበት «ሉ» ይሆናል።

በጂ 1 ስልክ ውስጥ ግን የእኛ ፊደል ጨርሶ አልነበረም። አማርኛ ቢላክለት ባዶ ሳጥን ይደረድራል። እንዲህ ባሉ ስልኮች ምክንያት ብዙ ሰው አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ለመደ።

ይኸ ጉዳት አለው። በእንግሊዝኛ ፊደል «ተ» እና «ጠ» አይለያዩም። እንበል፣ ከይፋት ቆላ አንድ ገበሬ አዲስ አበባ ላለ ልጁ መልእክት አስጻፈ። ልጁ «ዝናብ መጣ» ይበለው ወይስ «ዝናብ መታ»? ዝናብ መጣ ማለት የምሥራች ነው። ዝናብ መታ ማለት ሰብል ተበላሸ ማለት ነው።

ሌላም አለ። አማርኛ ብቻ የሚያነቡ እናት እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳቸው የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጋሉ። የብድር ጉዳይ፣ የሕመም ወሬ፣ የቤት ምስጢር በሰው አፍ ይገባል። ማንበብ እያወቁ እንዳላወቁ ይሆናሉ።

መፍትሔው ቀስ በቀስ መጣ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ ገባ። በመዝገቡ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ሁለት ስልኮች ቁጥሩንም ቅርጹንም ካወቁ፣ አንዱ የላከውን ሌላው ያሳያል። በእኛ አቆጣጠር በ2001 ደግሞ አንድሮይድ 1.5 ወጣ። በእሱ ቁልፉ በመስተዋቱ ላይ በሥዕል መጣ። ሥዕል እንደ ቀለም አይደለም፤ ይለዋወጣል። ዛሬ በብዙ ስልኮች «ለ»ን ሲነኩ «ሉ፣ ሊ፣ ላ» ተደርድረው ይመጣሉ።

ስለዚህ ስልክ ስትገዙ ካሜራውን ብቻ አትዩ። «የአማርኛ መጻፊያ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ከማስተካከያው ውስጥ አውጥቶ ያሳያችሁ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ስማችሁን በእጃችሁ ጻፉበት።

መልመጃ
1. 33 በ7 ሲባዛ ስንት ነው?
2. «መጣ» እና «መታ» በእንግሊዝኛ ፊደል ለምን አይለያዩም?
3. ለዘመዳችሁ አንድ መልእክት በአማርኛ ፊደል ጻፉ። ሌላ ሰው ሳያግዛችሁ ላኩ።