ደግ ገዢ ብቻ ይበቃናል? ከኮንፊሽየስ እስከ ወሎ መንገድ

ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲጓዙ ሐይቅንና ውጫሌን አልፈው፣ መርሳ ሳይደርሱ ውርጌሳን ያገኛሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ሳልፍ መኪናችን ጎማ ለመቀየር ቆመና ከአንድ ወዳጄ ጋር ቡና ልንጠጣ ወረድን። ወዳጄ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነው። ከአዲስ አበባ የጀመረውን ክርክር እዚያም አልለቀቀም። “ምርጫ ምርጫ ስንል ስንት ዓመት አለፈን! እንደ ቻይና ተምሮና ተፈትኖ የሚሾም ሰው ቢያስተዳድረን አይሻልም ወይ?” አለኝ።

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም፤ በየቢሮውና በየካፌው ይሰማል። ስለዚህ በፌዝ ከማለፍ ይልቅ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ማየቱ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ ወደ ውርጌሳ መንገድ እመለሳለሁ። ለወዳጄ ጥያቄ ከቤጂንግ ይልቅ ይህ መንገድ የተሻለ መልስ አለው ብዬ አምናለሁና።

የሰማይ አደራ

ኮንፊሽየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛውና በ5ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ መምህር ነው። ዋና ጭንቀቱ “ማን ይግዛ?” የሚለው ሳይሆን “ገዢው ምን ዓይነት ሰው ይሁን?” የሚለው ነበር። በእሱ አስተሳሰብ አገር እንደ ቤተሰብ ናት። አባት በምሳሌነቱ ልጆቹን እንደሚያንጽ ሁሉ ገዢም ሕዝቡን በመልካም ጠባዩና በሥርዓት ይመራል። ቅጣት ሰውን ያስፈራዋል እንጂ ይሉኝታ አያስተምረውም።

ከእሱ በኋላ የመጣው ሜንሲየስ አንድ እርምጃ ሄደ። ሕዝብ ከገዢ ይበልጣል፤ ሕዝቡን የሚያሠቃይ ንጉሥም ንግሥናውን በገዛ እጁ አፍርሷል አለ። ቻይናውያን ሥልጣንን እንደ ሰማይ አደራ ያዩታል። የእኛ አባቶች “ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ” ይሉ ነበር። በእነሱ ዘንድ ግን ሰማዩ ራሱ ንጉሡን ይከሳል። ድርቅ፣ ጎርፍና ረሃብ አደራው መነጠቁን የሚያሳዩ ምልክቶች ነበሩ።

በዚህ ላይ ሹማምንትን በፈተና የመምረጥ ሥርዓት ተጨመረ። ይህ ሥርዓት 1,300 ዓመት ያህል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1905 ተሻረ። ንጉሥ ሲሳሳት በጽሑፍ መገሰጽ ሥራቸው የሆነ ሹማምንትም ነበሩ።

በዘመናችንም ሐሳቡ ጠበቆች አሉት። ዳንኤል ቤል እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው መጽሐፍ በታችኛው እርከን ምርጫ፣ በላይኛው ደግሞ በብቃት መሾም ይሻላል ሲል ይሞግታል። ቻይናዊው ጂያንግ ቺንግ ሦስት ምክር ቤቶች ያሉት ፓርላማ ያልማል። አንዱ የኮንፊሽየስ ሊቃውንት፣ ሁለተኛው የሕዝብ ተመራጮች፣ ሦስተኛው የታሪክና የባህል ወራሾች የሚቀመጡበት ነው። በሊበራል ዴሞክራሲ ላይ የሚያነሱት ትችትም ቀላል አይደለም። መራጭ የዛሬውን ብቻ ያያል፣ ገና ያልተወለደ ትውልድ ድምፅ የለውም፣ ምላሰኛ አዋቂን ያሸንፋል ይላሉ።

ወደ እኛ ሲመጣ

በአገራችን ከዚህ ጋር የሚቀራረበው የአቶ መለስ ዜናዊ ልማታዊ መንግሥት ነው። አቶ መለስ የሚጠቅሱት ኮንፊሽየስን ሳይሆን ደቡብ ኮሪያንና ታይዋንን ነበር። መንግሥት ከኪራይ ሰብሳቢዎች ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ፣ የረጅም ጊዜ ዕቅድ ይዞ ኢኮኖሚውን መምራት አለበት የሚል ነበር ክርክራቸው።

ከምሥራቅ እስያ ጠንካራ መንግሥትን ወሰድን፤ ፈተናውን ግን ተውነው። በእኛ ዘንድ ለሹመት የፓርቲ አባልነት ከብቃት ሲቀድም ማየት የተለመደ ነበር። አርአያ ያደረግናቸው አገሮችም በዚያ አልቆሙም። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ታይዋን በ1996 ፕሬዚዳንታቸውን በቀጥታ ምርጫ መርጠዋል። የሲንጋፖሩ ሊ ኩዋን ዩ የእስያ ባህል ከምዕራቡ ዴሞክራሲ ጋር አይሄድም ሲሉ፣ በኋላ የደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ኪም ዴ ጁንግ በ1994 መልስ ሰጥተዋቸው ነበር። ክፉ ገዢን የማውረድ መብትን ከምዕራባውያን ፈላስፎች ቀድሞ ያስተማረው የእኛው ሜንሲየስ ነው አሏቸው።

መንገዱ የሚመሰክረው

አሁን ወደ ወሎ መንገድ ልመለስ። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ረሃብ የተራቡ ገበሬዎች ወደዚህ አውራ ጎዳና ወርደው የሚያልፈውን መኪና ያስቆሙ ነበር። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ረሃብ መርምሯል። እህል ከአገሪቱ አልጠፋም ነበር፤ ምርቱን ያጣው ገበሬ ግን መግዣ አልነበረውም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ የተጫነ እህል ነበር። ሴን በኋላ ምርጫና ነፃ ጋዜጣ ባለበት አገር ይህን መሰል ረሃብ አይደርስም የሚል ክርክር አቅርቧል።

በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ቅዱስ፣ ክብራቸውም የማይደፈር ነበር። ጉዳዩ ገሃድ የወጣው የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ፎቶግራፍ ይዘው ሲመለሱና በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ሲታይ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዙፋኑ ወደቀ። የሰማይ አደራ ተነጠቀ ማለት ነው። ነገር ግን የተነጠቀው ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

ደርግም አልተማረም። መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር በኮረም ሕዝብ ይረግፍ ነበር። ቻይናም ብትሆን የገሳጮች አገር መሆኗ አላዳናትም። እ.ኤ.አ. ከ1958 በኋላ በደረሰው ረሃብ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ሹማምንቱ ፈርተው ያልተመረተ ምርት ሪፖርት ያደርጉ ነበር። በ1959 ለማኦ ደብዳቤ የጻፉት ማርሻል ፔንግ ዴኋይም ከሥልጣን ተባረሩ።

እውነቱን ለመናገር ለወዳጄ የሚያግዝ ማስረጃም አለ። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች አስቸኳይ የምግብ ዕርዳታ ቢያስፈልጋቸውም እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት አልደረሰም። በወቅቱ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ይዘው ነበር። ያገዘው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራና በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው፤ የባለሙያ ብቃት ዋጋ እንዳለው ያሳያል። ያው መንግሥት ግን በዚያው ጊዜ ጎዳና የወጣውን የወጣቱን ብሶት መስማት አቅቶት በ2010 ዓ.ም. መሪውን በተቃውሞ ማዕበል አጣ። የተራበውን መቁጠር ችሎ ነበር፤ የተከፋውን የሚነግረው ግን በፓርላማው ውስጥ አንድም ሰው አልነበረውም።

አበጋር ለምን ይታመናል?

ወዳጄ በመጨረሻ የአካባቢውን አበጋሮች ጠቀሰልኝ። “ማን መረጣቸው? ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይሰማቸዋል፣ ደም ያደርቃሉ” አለ። ልክ ነው፤ ያለ ፖሊስ፣ በይሉኝታና በመከባበር ሰላም ማውረድ ኮንፊሽየስን ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን ሽማግሌው የሚኖረው ካስታረቃቸው ሰዎች መሀል ነው። ቤቱንና ጠባዩን ሁሉ ያውቃል። ካዳላ በሚቀጥለው ጊዜ ፊቱ የሚቀመጥ አያገኝም። አዲስ አበባ ያለን ሚኒስትር ግን የውርጌሳ ገበሬ በዚህ መንገድ ሊያየውም ሊተወውም አይችልም። ያንን ርቀት የሚተኩት ጋዜጣ፣ ፍርድ ቤትና የምርጫ ኮሮጆ ናቸው። ሹመትን በፈተና ማድረግም ሆነ ሽማግሌን ማማከር ይጠቅመናል፤ እነዚህን ሦስቱን ግን አይተካም።

ጎማው ተቀይሮ ስንነሣ ወዳጄ “እኔ አሁንም የተፈተነ ሰው ነው የምፈልገው” አለኝ። እኔም እፈልጋለሁ። የምንለያየው ፈተናው በሚያበቃበት ጊዜ ላይ ነው። ለእሱ ሹመቱ ሲሰጥ ያበቃል፤ ለእኔ ግን ሰውዬው ወንበሩ ላይ እስካለ ድረስ መቀጠል አለበት፤ ፈታኙም በዚህ መንገድ ዳር ያለው ገበሬ ነው።