ነፃው መግቢያ ዋጋው ስንት ነው?

የኢኮኖሚክስ መምህራን በገበያ ላይ ነፃ የሚባል ነገር የለም ይላሉ። አንዱ ያልከፈለውን ሌላው ከፍሎለታል ማለታቸው ነው። ይህን አባባል ለመፈተን ከሚያመቹ ቦታዎች አንዱ ለንደን ውስጥ በባርቶሎሚው ሌን የሚገኘው የእንግሊዝ ባንክ ሙዚየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የተከፈተው ይህ ሙዚየም ከጎብኚው ሳንቲም አይቀበልም።

ጎብኚውን ቀድሞ የሚስበው የወርቅ ጡቡ ነው። ወደ 13 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ጡብ በሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ጎብኚው በቀዳዳው እጁን አሾልኮ ሊያነሳው ይሞክራል፤ በመጠኑ ትንሽነት የተታለለ ሁሉ በክብደቱ ይደነግጣል። ከባንኩ ሥር ባሉት ካዝናዎች ደግሞ ወደ 400,000 የሚጠጉ ጡቦች ይገኛሉ። አብዛኞቹ ግን የባንኩ ንብረት ሳይሆኑ የእንግሊዝና የሌሎች መንግሥታት አደራ ናቸው።

ከወርቁ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ትምህርቱ ነው። ሙዚየሙ ለተማሪዎችና ለሌሎች ቡድኖች በነፃ ገለጻ ይሰጣል። የዋጋ ንረት ምን እንደሆነ፣ ወለድ ሲጨምር የቤት ዕዳ ያለበት ሰው ኪስ ምን እንደሚሆን ለተራው ሰው ያስረዳል። ባንኩ ራሱ የተወለደው ከዕዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1694 ንጉሥ ዊልያም ሣልሳዊ ከፈረንሳይ ጋር ለገጠሙት ጦርነት ገንዘብ ቢያጥራቸው፣ ባለገንዘቦች ተሰባስበው 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ በ8 በመቶ ወለድ አበደሩ፤ ማኅበራቸውም ባንክ ሆነ።

ሙዚየሙ ገመናውንም አልሸሸገም። እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳየው ዐውደ ርዕይ፣ ባንኩ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በግሬናዳ ደሴት ሁለት እርሻዎችን ከ599 ባሮች ጋር በእጁ አስገብቶ እንደነበር ለሕዝብ ገልጿል።

ታዲያ ሂሳቡን ማን ይከፍላል? ባንኩ እ.ኤ.አ. በ1946 የመንግሥት ስለሆነ፣ በሩ ላይ ያልከፈለው ጎብኚ በዜግነቱ ከፍሏል ማለት ይቻላል።

መንግሥት ከኋላው የሌለው ሙዚየም ዕጣ ሌላ ነው። ጆን ሄርዞግ የተባሉት የዎል ስትሪት ሰው ከ1987ቱ የአክሲዮን ገበያ ውድቀት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በኒውዮርክ የአሜሪካ ፋይናንስ ሙዚየምን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ2008 በዎል ስትሪት ቁጥር 48 ወደሚገኝ የቀድሞ ባንክ አዳራሽ ገባ። በጥር 2018 ግን የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ ሕንፃውን አጥለቀለቀው፤ ሙዚየሙም አዳራሹን አጣ። ከዚያ በኋላ ሕልውናውን ያቆዩለት ለሕዝብ የሚያዘጋጃቸው ንግግሮችና መጽሔቱ ናቸው። ግድግዳው ቢሄድም ዕውቀቱ ቀረ ማለት ነው።

የለንደኑም ቢሆን ጉድለት አለበት። በሩ በመደበኛነት ክፍት የሚሆነው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። በቀን ሂሳብ የሚሠራ ሰው ሊጎበኘው ቢሻ የግማሽ ቀን ደመወዙን መተው አለበት። ለእርሱ የመግቢያው ዋጋ ዜሮ አይደለም። ስለ ወለድና ስለ ዋጋ ንረት ማወቅ ይበልጥ የሚያስፈልገው ደግሞ እርሱ ነው።

ለንደን የሚኖር ዘመድ ያለው አንባቢ ይህን ይንገረው። የዕረፍት ቀኑ ከሥራ ቀን ጋር ከገጠመለት ልጆቹን ይዞ ይሂድ፤ ጡቡን ማንሳት ቢያቅታቸው እንኳ ገንዘብ ለምን እንደሚከብድ ተምረው ይመለሳሉ።