ለሹምም ለሕዝብም የሚጠቅም ሳቅ

ለልቅሶ ጊዜ እንዳለው ለሳቅም ጊዜ እንዳለው ጠቢቡ ሰሎሞን አስተምሯል። ብዙ ሰው ግን ልቅሶን የቁም ነገር፥ ሳቅን የዋዛ ምልክት አድርጎ ይቈጥራል። ይህ አስተያየት በቴአትርም ሥራ ይታያል። የእንግሊዙ ባለቅኔ ዊልያም ሼክስፒር ከደረሳቸው ጨዋታዎች በአማርኛ እጅግ የታወቁት አሳዛኞቹ ናቸው፤ ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን፥ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፥ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ መልሰዋል። የሚያስቁት ድርሰቶቹ ግን ይህን ያህል ዝና አላገኙም።

ከነዚህ አንዱ «ዐሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ይባላል። ስሙ ለካህናት እንግዳ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከልደት እስከ ጥምቀት ዋዜማ ያለው ዐሥራ ሁለት ቀን የደስታ ወራት ነበረ። በኢትዮጵያም ከታኅሣሥ 29 ጀምሮ ቢቈጠር ዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጥር 10 ይውላል፤ ይኸውም ታቦታት ወደ ባሕረ ጥምቀት የሚወርዱበት ከተራ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቫዮላ የተባለች ልጃገረድ መርከብ ተሰብሮባት፥ መንታ ወንድሟም ሞተ ብላ እያዘነች፥ በማታውቀው አገር ትወጣለች። የወንድ ልብስ ለብሳ መስፍኑን ኦርሲኖን ታገለግላለች፤ መስፍኑም ወደሚወዳት ወደ እመቤት ኦሊቪያ ሲልካት፥ ኦሊቪያ መልእክተኛዋን ወንድ መስላት ትወዳታለች። በኦሊቪያ ቤት ደግሞ ማልቮሊዮ የሚባል አዛዥ አለ፤ ትጉህና ሥርዓት ጠባቂ ሲሆን ራሱን እጅግ ከፍ አድርጎ ያያል። የቤቱ ሰዎች በእመቤቲቱ እጅ የተጻፈ የሚመስል ደብዳቤ በመንገዱ ይጥሉለታል፤ እርሱም እመቤቴ ወደደችኝ ብሎ፥ ደብዳቤው እንዳዘዘው ቢጫ ካልሲ አጥልቆ ፈገግ እያለ ከፊቷ ይቀርባል። በዚህም እንደ እብድ ተቈጥሮ በጨለማ ቤት ይዘጋበታል።

ሹም የሆነ ሰው ይህን ሲያይ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ስለ ራሱ አስቦ ይሥቃል፥ ወይ ተነክቻለሁ ብሎ ይቈጣል። የቍጣው መንገድ በኢትዮጵያ አስቀድሞ ተሞክሯል። በ1913 ዓ.ም. ገደማ፥ በኋላ በጅሮንድ የተባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከፈረንሳዊው ከላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰት ጽፈው አሳዩ። አውሬዎቹ ሲናገሩ የሹማምንቱ ጕድለት ስለ ታወቀ፥ በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ድርሰቱ ተከለከለ። እንግዲህ የአማርኛ ቴአትር በሳቅ ተወለደ፤ የመጀመሪያውም ክልከላ በሳቅ ላይ ወረደ። ጕድለቱ ግን በመከልከሉ አልተቃናም።

ይህ ሲባል ለሳቅ ልክ የለውም ማለት አይደለም። በድርሰቱ መጨረሻ እመቤቲቱ ማልቮሊዮ እጅግ እንደ ተበደለ ትመሰክራለች፤ እርሱም ቂም ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ትዕቢትን መገሠጽና ሰውን ማዋረድ የተለያዩ መሆናቸውን ተጫዋቾችም ከዚሁ ይማራሉ።

ይህን ጨዋታ ለማየት ከደሴ የተሻለ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከተማይቱን ደሴ ያሏት ደስታዬ ሲሉ ነው ተብሎ ይተረካል። ድርሰቱ በሙዚቃ ተጀምሮ በዘፈን ያልቃል፤ ወሎም የባቲና የአምባሰል ቅኝት አገር ነው። ፌስቴ የተባለው ቀልደኛ እየዘፈነ፥ ቃል እያገላበጠ፥ ሳንቲም እየተቀበለ ለጌቶች እውነቱን ይነግራቸዋል፤ በሰምና ወርቅ ላደገ ተመልካች ይህ ሰው አዝማሪ ነው። ጨዋታው በአማርኛ ተሰናድቶ፥ በወሎ አነጋገርና ልብስ ቢቀርብ፥ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰውም ከኮምቦልቻ የሚመጣውም፥ ክርስቲያኑም እስላሙም፥ የራሱን ጎረቤት እንደሚያይ ሆኖ ያየዋል።

ምናልባት አንድ ሰው፥ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን አጥቅቶ ብዙ ቤት ኀዘን ገብቶ ሳለ ሳቅ ምን ይረባል ይል ይሆናል። መልሱ ከደራሲው ሕይወት ይገኛል። ሼክስፒር ሐምኔትና ጁዲት የሚባሉ መንታ ልጆች ነበሩት፤ ወንዱ ልጅ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1596 ዓ.ም. በ11 ዓመቱ ሞተ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አባትዮው የጻፈው የሚያስቅ ድርሰት፥ እኅት የሞተ የመሰላትን መንታ ወንድሟን በሕይወት የምታገኝበት ይህ ጨዋታ ነው። በ1602 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 2 ቀን፥ ጌታ በሕፃንነቱ ወደ ቤተ መቅደስ በገባበት በዓል፥ በለንደን የሕግ ተማሪዎች ፊት መታየቱን ከተማሪዎቹ አንዱ በማስታወሻው ጽፎታል። ሳቁ ከኀዘን ቤት የወጣ ስለ ሆነ፥ ያዘነ ሰው ቢሥቅ ኀዘኑን ካደ አይባልም።

ስለዚህ የደሴ ሹማምንት ለእንዲህ ያለው ጨዋታ አዳራሽ ቢፈቅዱ፥ ካህናትና መምህራንም ትርጕሙን ቢያቃኑ ይገባል። መጋረጃው ሲገለጥም ሹማምንቱ በፊተኛው ወንበር ተቀምጠው፥ ቢጫ ካልሲ ያጠለቀው አዛዥ ሲመጣ ከሕዝቡ ጋር አብረው ይሣቁ። በራሱ የሚሥቅን ሹም ሕዝብ አይንቀውም፤ ይልቁንም ጕዳዩን ይዞ ያለ ፍርሃት ይቀርበዋል።