በደጋ ብርድ ለጫጩቶች የሚስማማ ማሞቂያ አመራረጥ



በደባርቅ፣ በዳባትና በጃናሞራ ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር የውርጭ ወቅት ነው። ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፤ ሌሊት ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ጎንደር ላይ የበቃ ማሞቂያ ደባርቅ ላይ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ቀን ጫጩት ከመረከብዎ በፊት ማሞቂያዎን አስቀድመው ይምረጡ፤ ይሞክሩትም።

1. ጫጩቶች ምን ያህል ሙቀት ይፈልጋሉ?

የሐበሻ ዶሮ ጫጩቶቿን በክንፏ ታቅፋ ታሞቃለች። ተገዝተው የሚመጡ ጫጩቶች ግን እናት የላቸውም። ላባ እስኪያወጡ ድረስም የሰውነታቸውን ሙቀት በራሳቸው መጠበቅ አይችሉም። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቶቹ በሚቆሙበት ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋል። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሱ በ5ኛው ሳምንት ወደ 21 ዲግሪ ያወርዱታል።

ቴርሞሜትር ከሌለዎት ጫጩቶቹን ይመልከቱ፦
• ተደራርበው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል። ከሥር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ።
• ከማሞቂያው ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሙቀቱ በዝቶባቸዋል።
• ሁሉም በአንድ ጎን ከተሰበሰቡ ከሌላው ጎን ነፋስ ይገባል።
• ተበታትነው የሚበሉ፣ የሚጠጡና የሚተኙ ከሆነ ሙቀቱ ተስማምቷቸዋል።

2. አማራጮቹ

ሀ. የኤሌክትሪክ አምፖል። ጭስ የለውም፤ ለመቆጣጠርም ቀላል ነው። ነገር ግን በአሁኑ ጊዜ በሱቅ የሚበዛው ኃይል ቆጣቢ አምፖል ብርሃን እንጂ በቂ ሙቀት አይሰጥም። የሚያስፈልግዎ የድሮው ባለ ክር አምፖል ወይም ለማሞቂያ የተሠራው ኢንፍራሬድ አምፖል ነው። ባለ 250 ዋቱ አምፖል ቀንና ሌሊት ከበራ በቀን 6 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በ3 ሳምንት 126 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። ይህን በሚከፍሉት ታሪፍ አባዝተው ወጪውን አስቀድመው ይወቁ። አምፖሉን ከጉዝጓዙ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው በሰንሰለት ወይም በሽቦ ይስቀሉት። በራሱ የመብራት ገመድ አይስቀሉት፤ ጭድ ላይ ከወደቀ ቤቱን ያቃጥላል። መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ በአምፖል ብቻ አይተማመኑ።

ለ. የከሰል ምድጃ። በየቤቱ የሚገኝ ነው፤ ሆኖም ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙዎቻችን ከሰል ጭሱ ካለቀና ፍም ከሆነ አደጋ የለውም ብለን እናምናለን። ይህ ስሕተት ነው። ፍም የሆነ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ጫጩቶችን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ተኝቶ እንዳለ ይገድላል። ስለዚህ፦
• ምድጃውን ውጭ አቀጣጥለው ጭሱ ሲያልቅ ያስገቡ።
• ከጣሪያው ሥር ሁልጊዜ ክፍት የሆነ የአየር መውጫ፣ ከታች ደግሞ ነፋሱ ጫጩቶቹን በቀጥታ የማይመታ መግቢያ ይኑር።
• ጫጩቶቹ እንዳይገቡበት ምድጃውን በወንፊት ሽቦ ይክበቡት።
• ከሰል ባለበት ቤት እርስዎም ልጆችዎም በፍጹም አይተኙ። እዚያ ገብተው ራስዎን ካመመዎት ወይም ካዞረዎት ወዲያውኑ ይውጡ፤ በሩንም ይክፈቱ።

ሐ. የላምባ ምድጃ። ሙቀቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አየሩን ይበክላል፣ የእሳት አደጋም አለው። የአየር መውጫው እንደ ከሰሉ ነው። እየነደደ ላምባ አይጨምሩበት።

መ. የድርቆሽ ሳጥን። ባለሙያዎች ሄይ ቦክስ የሚሉት ይህ ሳጥን ነዳጅም መብራትም አይፈልግም። ድርብ ግድግዳ ያለው የእንጨት ሳጥን ሆኖ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ደረቅ ድርቆሽ ይጠቀጠቃል፤ ክዳኑም እንዲሁ ይሞላል። ጫጩቶቹ ራሳቸው የሚያወጡት ሙቀት ከውስጥ እንዳይወጣ ድርቆሹ ይይዘዋል። ቀን በሽቦ በታጠረ መናፈሻ ይበላሉ፤ ማታ ወደ ሳጥኑ ይገባሉ። ሳጥኑ የሚሠራው ግን ጫጩቶቹ በርከት ሲሉ ነው። ለ50 ጫጩት በተሠራ ሳጥን 10 ብቻ ቢያስገቡ ሙቀቱ አይበቃም። የአየር ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል፤ የረጠበ ድርቆሽ ደግሞ ሙቀት ስለማይዝ ወዲያው ይቀየር።

ሠ. የፈላ ውኃ በጀሪካን። ክዳኑን አጥብቀው በጆንያ ጠቅልለው በጫጩቶቹ መካከል ያስቀምጡት። ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚያሞቅ ዋና ማሞቂያ አይሆንም። መብራት በጠፋ ሌሊት ወይም ከድርቆሽ ሳጥን ጋር እንደ ረዳት ግን ጫጩት ያድናል።

3. የትኛውን ልምረጥ?

ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ። ስንት ጫጩት አለኝ? መብራቱ ምን ያህል ያስተማምናል? ሌሊት ተነሥቶ የሚያይ ሰው አለ? መብራት የማያቋርጥበት ከተማ ከሆኑ አምፖሉን ይምረጡ፤ ለመጠባበቂያ ጀሪካን ያዘጋጁ። መብራት በሌለበት ቀበሌ 50 ያህል ጫጩት ለሚያሳድግ የድርቆሽ ሳጥን ይሻላል፤ የመጀመሪያውን ሳምንት በጀሪካን ያግዙት። ከሰልን የሚመርጡት ለብቻው የተሠራ፣ የአየር መውጫ ያለውና ሰው የማያድርበት ቤት ካለዎት ብቻ ይሁን።

4. ማሞቂያው እንዲያግዝዎ

ነፋስ የሚያስገባ ቤት ውስጥ የትኛውም ማሞቂያ አይበቃም። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ይምረጉ፤ የላይኛውን የአየር መውጫ ግን አይድፈኑ። ወለሉ ላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ የጤፍ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ያንጥፉ። ጫጩቶች በማዕዘን ስለሚደራረቡ በካርቶን ክብ አጥር ይሥሩላቸው። ማሞቂያውን ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው ቢያንስ ከግማሽ ቀን በፊት ያስጀምሩ፤ ከአንዳሳ ወይም ከኮምቦልቻ ብዙ ተጉዘው የመጡ ጫጩቶች ሞቆ የቆየ ቤት ሊያገኙ ይገባል።

ብርዱ የሚበረታው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በዚህ ሰዓት አንድ ጊዜ ተነሥተው ይመልከቷቸው። የጫጩቶቹን ሁኔታና የሞቱትን ቁጥር በየቀኑ ይመዝግቡ፤ መዝገቡንም ለቀበሌዎ የእንስሳት ባለሙያ ያሳዩ። የጎረቤትዎ ጫጩቶች ከመምጣታቸው በፊትም ቤትዎን ያስጎብኟቸው፤ በተለይ የከሰሉን ነገር ሳይነግሯቸው አይሸኟቸው።