ያውቁ ኖሯል? «ጦቢያ» የሁላችንም ናት
የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጣና ዳር ሰው ናቸው፤ የተወለዱት ዘጌ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ያሳተሙትን መጽሐፍ ዛሬ «ጦቢያ» እንለዋለን። የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። አፈወርቅ ያረፉት በ1947 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። እናም አንድ ተማሪ ድርሰቱን በስልኩ ጽፎ ቢያሰራጭ፣ ቲያትር ቢያደርገው፣ ለዓይነ ሥውራን በድምፅ ቢቀርጸው «አስፈቅድ»፣ «ክፈል» የሚለው የለም። እንዴት ያለ ጸጋ ነው! የቅርብ ጊዜ እትሞች መቅድምና የሽፋን ሥዕል ግን የየባለቤታቸው ናቸውና አይንኳቸው፤ የደራሲውንም ስም ሳይጠቅሱ አይለፉ።