እምነት በግድ አይሆንም

የሰው አፍ ለትእዛዝ ይገዛል፤ ጕልበቱም ሰይፍን ፈርቶ ይንበረከካል። ልብ ግን ያላመነውን ነገር እመን ቢሉት አያምንም። ይህም ጎንደር ሳትቈረቈር በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በግልጥ ታየ።

በ1595 ዓ.ም. ፔሮ ፓይስ የሚባል የሮማ ካህን ወደ ኢትዮጵያ ገባ። እርሱም ግዕዝና አማርኛ ተማረ፤ ሕፃናትን አስተማረ፤ ከሊቃውንትም ጋራ በትዕግሥት ተነጋገረ። ያስረዳ ነበር እንጂ አያስገድድም ነበርና፥ ንጉሡ ሰማው፤ በኋላም የሮማን ሃይማኖት ተቀበለ።

ፓይስ ከሞተ በኋላ አልፎንሶ ሜንዴዝ የሚባል ፓትርያርክ መጣ። በ1618 ዓ.ም. ንጉሡ ከጎንደር ሩቅ ባልሆነችው በደንቀዝ ለሮማው ሊቀ ጳጳሳት ሊታዘዝ ማለ። ሕዝቡም እንዲከተል ታዘዘ። ካህናቱ ዳግመኛ እንዲካኑ፥ ሕዝቡም ዳግመኛ እንዲጠመቅ፥ ቅዳሜን ማክበርም እንዲቀር ተባለ።

ዳግመኛ ተጠመቅ የተባለ ሰው፥ የፊተኛው ጥምቀትህ ከንቱ ነው፤ አባትህና እናትህም ሳይጠመቁ ሞቱ እንደ ተባለ ያህል ነው። ስለዚህ ነገሩ የሰውን አንጀት ነካ። አንዳንዱ በአፉ እሺ እያለ በልቡ እንቢ አለ፤ አንዳንዱም ጦር አነሣ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ወደ 8,000 የሚደርስ ሰው እንደ ሞተ ይነገራል። ንጉሡ ድል አደረገ፤ ነገር ግን የወደቁት የገዛ አገሩ ሰዎች ነበሩና ደስታ አላገኘም።

ከዚህም በኋላ ሕዝቡ ወደ ቀድሞው ሃይማኖቱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። እርሱ ራሱ ግን እስኪሞት ድረስ የሮማን ሃይማኖት አልተወም ይባላል። የሕዝቡ ልብ ለንጉሡ እንዳልታዘዘ ሁሉ፥ የንጉሡም ልብ ለሕዝቡ አልታዘዘም።

በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን የቈረቈረው ዐፄ ፋሲልም በተራው የሮማን ካህናት ከአገር አስወጣ። ስለዚህ አስገዳጁና ተገዳጁ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ግዴታው አልቀረም።

ሰው የሚያምነው በእናቱ ጕልበት ላይ ሆኖ ከሰማው፥ ከሚወደው መምህር ከተማረው፥ ራሱም መርምሮ ካገኘው ነገር የተነሣ ነው። የሚጠራጠረውም እንዲሁ ምክንያት አለው። ቢቈጡት ጥርጥሩን ይሸሽጋል እንጂ አይተወውም፤ ቢሰሙት ግን ያለውን ሁሉ ይናገራል። እንግዲህ ስለ እምነት ከባልንጀራው ጋራ የሚነጋገር ሰው አስቀድሞ ጆሮውን ይስጥ፤ ቃሉንም በፍቅር ይናገር።