የበኩር መጽሐፍ የማን ሸክም ነው?

እስቲ በዚህ እትም አንድ ጥያቄ ላንሣላችሁ። በቤታችሁ ውስጥ፣ በቁም ሣጥን ጥግ ወይም በመሳቢያ ውስጥ፣ ተጽፎ የተቀመጠ ደብተር አለ? ልጆች ከተኙ በኋላ ባልሽ አምሽቶ የሚጽፈው፣ ወይም ሚስትህ ከጓዳ ሥራ በተረፋት ሰዓት የምትሞላው፣ “አንድ ቀን መጽሐፍ ይሆናል” የተባለለት ደብተር ማለቴ ነው። በየአጥቢያችን እንዲህ ያሉ ደብተሮች ጥቂት አይደሉም። መዝሙር የሚጽፍ እንዳለ ሁሉ ልብ ወለድ የሚጽፍም አለ። አንዳንዱ ደብተር ከመሳቢያው ሳይወጣ ይቀራል። አንዳንዱ ይታተምና ቤቱን በዕዳ ያናውጣል። ጥቂቱ ደግሞ ታትሞና ተነቦ ለብዙዎች በረከት ይሆናል።

ልዩነቱን የሚያመጣው የጸሐፊው ችሎታ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያ መጽሐፍ በአንድ ሰው ስም ይወጣል እንጂ ዋጋው የሚከፈለው ከአንድ ቤት ነው። ፍሬ የሚያፈራውም አንባቢዎች ሲቀበሉት ነው። ይህን በደንብ ለማየት እስቲ ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ እንውጣና ከዚያ የተነሡ ሁለት ደራሲዎችን እንመልከት።

ከመርሐቤቴ የተነሣው ብዕር

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱት በ1870 ዓ.ም. በመርሐቤቴ ነው። የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው በእንጦጦ ራጉኤል አገልግለዋል። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ዘውድ ሲጭኑ ከኢትዮጵያ ልዑካን ጋር ወደ ለንደን ተጉዘዋል። ኋላም የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በሹመታቸው ነው። እኔ ግን ዛሬ እንድትመለከቱልኝ የምፈልገው የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ይዞ ወደ አንባቢ የቀረበውን ሰው ነው።

ኅሩይ የጀመሩት የራሳቸውን ታሪክ በመጻፍ አልነበረም። በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን የሚዘረዝር የመጻሕፍት ቁጥር ነው። አስቀድመው ሌሎች የጻፉትን ፈለጉ፣ ቆጠሩ፣ መዘገቡ። በ1910 ዓ.ም. “ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ” የተባለውን የምክር መጽሐፍ አወጡ። “ወዳጄ ልቤ” የተባለው የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው የታተመው በ1915 ዓ.ም. ነው። ያኔ ዕድሜያቸው 45 ዓመት ደርሶ ነበር። “ጊዜዬ አልፏል” የምትሉ በአርባዎቹ ዕድሜ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ልብ በሉ።

በዚያን ዘመን ልብ ወለድ ማሳተም ምን ማለት እንደ ነበር አስቡ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ “ልብ ወለድ ታሪክ”፣ የታተመው በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ገና 15 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሬዲዮ የለም። በአዲስ አበባ የነበሩት ማተሚያ ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ማንበብ የሚያውቀው ሰው በአብዛኛው የቤተ ክህነት ሰው ነው፤ እርሱም የለመደው ገድልን፣ ድርሳንንና ዜና መዋዕልን ነው። እንዲህ ላለው አንባቢ ያልሆነን ታሪክ እንደ ሆነ አድርጎ ማቅረብ እንግዳ ነገር ነበር። ዛሬም እኮ በአንዳንድ ጉባኤዎቻችን “ልብ ወለድ ውሸት አይደለም ወይ?” ተብሎ ይጠየቃል።

ኅሩይ ለዚህ ያገኙት መፍትሔ አንባቢው በሚያውቀው በር መግባት ነበር። “ወዳጄ ልቤ” ሰው ከልቡ ጋር የሚነጋገርበት፣ የሰውን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ የሚያሳይ ታሪክ ነው። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች በመጽሐፉ ላይ የጆን ቡንያንን አሻራ ያያሉ። ክርስቲያን የሚባለው መንገደኛ ሸክሙን ተሸክሞ ወደ ሰማያዊቱ ከተማ የሚጓዝበትን፣ በ1678 እ.ኤ.አ. በለንደን የታተመውን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ምሳሌ ደግሞ ለአበሻ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ጌታችንም ያስተማረው በምሳሌ ነው። ስለዚህ አዲሱ ነገር በለመድነው መሶብ ቀረበ።

ከዚህ በኋላም አላቆሙም። በ1923 ዓ.ም. “የልብ አሳብ፡ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ” የተባለውን ልብ ወለድ አወጡ። ሴት ልጅን ለአካለ መጠን ሳትደርስ መዳር ትክክል እንዳልሆነ በታሪክ መልክ አስተማሩበት። በ1925 ዓ.ም. ደግሞ “አዲስ ዓለም” ታተመ፤ በአውሮፓ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ከዘመዶቹና ከልማዱ ጋር የሚገጥመውን ትግል ይተርካል። ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤትም አቋቋሙ። ደብተሩን ይዞ የሰው በር ከማንኳኳት የራስን በር መክፈት ማለት ይህ ነው። ኅሩይ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር ባዝ በተባለች ከተማ ዐረፉ። መጻሕፍቶቻቸው ግን እስከ ዛሬ ይጠናሉ።

ከደብረ ሲና ደግሞ ሌላው

ከመንዝ ደጋ ሥር፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርዱ፣ ደብረ ሲና ትገኛለች። ዳኛቸው ወርቁ የተወለደው እዚያ ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ “አደፍርስ” በ1962 ዓ.ም. ታተመ። የታሪኩም ቦታ ያው የደብረ ሲና አካባቢ ነው። ዳኛቸው የመረጠው መንገድ ከኅሩይ የተለየ ነበር። አንባቢው በለመደው በር ከመግባት ይልቅ አንባቢውን ወደ አዲስ በር ጠራው። የአገሬው ሰው አነጋገር፣ ክርክሩና ምሳሌያዊ ንግግሩ ተጠላልፎ የቀረበበት መጽሐፍ ስለ ነበር ለብዙ አንባቢ ከበደው። ዛሬ ግን “አደፍርስ” ከአማርኛ ልብ ወለዶች ከፍተኛ ከሚባሉት ተርታ ይቆጠራል። ዳኛቸው በእንግሊዝኛ የጻፈው ልብ ወለድም በ1973 እ.ኤ.አ. በለንደን ሃይነማን በተባለው አሳታሚ የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ ወጥቷል።

ከሁለቱ የምንማረው ምንድን ነው? የመጀመሪያ መጽሐፍ አንዳንዴ ቶሎ ይደመጣል፤ አንዳንዴም አንባቢው እስኪደርስበት ብዙ ዓመት ይጠብቃል። በመካከሉ ግን ደራሲው መብላት አለበት። ልጆቹም ትምህርት ቤት መሄድ አለባቸው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ በአንድ ቤት የሚሆነው

ዛሬም በአገራችን አብዛኛው ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ ነው። ወረቀቱ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ይወጣል። ማተሚያ ቤቱ ሥራ ሳይጀምር ቀብድ ይጠይቃል። ስለዚህ ዕቁብ ይወጣል፣ ከዘመድ ይበደራሉ፣ አንዳንዴም የሚስት ወርቅ ይሸጣል። መጽሐፉ ሲወጣ አከፋፋዩና መደብሩ ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ድርሻቸውን ያነሣሉ። ያውም ገንዘቡ የሚመጣው መጽሐፉ ከተሸጠ በኋላ ነው።

ከዚያ ምረቃ ይደገሳል። አዳራሹ ይሞላል፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሣል። በማግስቱስ? አንድ ሺህ ቅጂ ያሳተመ ሰው ሦስት መቶውን ቢሸጥ ሰባት መቶው በመኝታ ቤት ግድግዳ ሥር ይደረደራል። ባል በየቀኑ ያየዋል፤ ሚስትም በየቀኑ ትጠርገዋለች። ካርቶኑ በጨመረ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ዝምታም ይጨምራል። “እኔ መች ጻፍ አልኩህ?” የሚል ቃል ከወጣ ደግሞ የሚጎዳው መጽሐፉ ብቻ አይደለም።

ለባለትዳሮች

የመንዝን ባና ታውቃላችሁ። ሴቷ የበጉን ፀጉር ባዝታ ትፈትላለች፤ ሸማኔው ይሠራዋል። ብርድ የሚከለክለው የሁለቱ ድካም ሲገናኝ ነው። መጽሐፍም በትዳር ውስጥ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ደብተሩ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት እነዚህን ነገሮች አብራችሁ ተነጋገሩባቸው።

አንደኛ፣ ወጪውን ቁጠሩ። ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለሚፈልግ ሰው የተናገረውን አስታውሱ። ከቤት ኪራይ፣ ከልጆች ክፍያና ከመታከሚያ የማይነካውን ገንዘብ ለይታችሁ ጻፉ። መጽሐፉ አንድም ባይሸጥ ቤታችሁ መቆም የሚችል ከሆነ ቀጥሉ። ካልሆነ ጥቂት ቅጂ ማሳተም ወይም አንድ ዓመት መጠበቅ ሽንፈት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው አንባቢ የትዳር ጓደኛችሁ ይሁን። ማታ አንድ ምዕራፍ ጮክ ብላችሁ ተነባበቡ። የሚሰማው ሰው “ግሩም ነው” ብቻ አይበል፤ የሰለቸው ቦታ ካለም በፍቅር ይናገር። ከቤት የሚሰማ እውነት ከአደባባይ ከሚሰማ ነቀፋ ይቀላል።

ሦስተኛ፣ የቤታችሁን ምሥጢር ጠብቁ። የመጀመሪያ ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ ከጸሐፊው ኑሮ ይቀዳል። የሚስትህ የልጅነት ቁስል፣ የባልሽ ቤተሰብ ጠብ፣ በምክር ክፍል የሰማችሁት የሰው ኃጢአት ስሙ ተለውጦ ቢጻፍም ባለቤቱ ያውቀዋል። የሁለታችሁ የሆነውን ያለ ሁለታችሁ ፈቃድ አታሳትሙ።

አራተኛ፣ ሽያጩን ከኅትመቱ በፊት አስቡ። ማን ይገዛዋል? በየትኛው ከተማ ማን ይረከበዋል? ገንዘቡን ማን ይሰበስባል? ሒሳቡንስ ማን ይጽፋል? ደራሲ ብዙ ጊዜ ሒሳብ አይወድም። የትዳር ጓደኛ ጸጋ እዚህ ላይ ይታያል።

ለምእመናን

አሁን ደግሞ እኛን፣ አንባቢዎችን፣ የሚመለከት ነገር ልናገር። ወንድማችን መጽሐፍ አወጣ ሲባል አፋችን ላይ የሚመጣው የመጀመሪያ ቃል “ለእኔስ የታለ?” የሚል ነው። እንደ ፍቅር እንቆጥረዋለን። ነገር ግን ሃምሳ ወዳጅ ሃምሳ ቅጂ በነጻ ሲወስድ የዚያ ቤት የወር ወጪ ሄደ ማለት ነው። የምትወዱት ከሆነ ግዙትና አስፈርሙት። ያኔ ወዳጅነታችሁ በእውነት ይታያል።

ሌላው በቴሌግራም የሚላላከው ፒዲኤፍ ነው። “ወንጌል እንዲሰፋ ነው” ተብሎ የአንድ እኅት መጽሐፍ ያለ ፈቃዷ ሲባዛ ዝም ማለት የለብንም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ያስከብራል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ የሠራተኛን ደመወዝ መከልከል ምን እንደሆነ እኛ ልናውቅ ይገባን ነበር።

ሦስተኛው፣ አፋችሁን አበድሩ። የሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ኋላ ግን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ “ከመጻሕፍት ዓለም” በተባለው ዝግጅት ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ገበሬም፣ ምጣድ የጣደችው እናትም ሰሙት። አንድ ድምፅ መጽሐፉን በብዙ ሺህ ቤት አስገባው። እናንተ ሬዲዮ የላችሁም፤ ግን የቤት ለቤት ኅብረት አላችሁ፣ የወጣቶች ፕሮግራም አላችሁ፣ የቡና ጎረቤት አላችሁ። አንድ ገጽ አንብቡላቸው። “ይህን ያነበብኩት ከዚህ መጽሐፍ ነው” በሉ።

በመጨረሻም መጽሐፉ ቢከብዳችሁ ወይም ባይጥማችሁ ለመፍረድ አትቸኩሉ። “አደፍርስ”ን አስታውሱ። ያያችሁትን ጉድለት ለደራሲው በግሉ ንገሩት። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማችሁ “አይረባም” ስትሉ የሚሰማው ጸሐፊው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የቆመችው ሚስቱም ናት።

ውድ አንባቢያን፣ ከመርሐቤቴ የተነሡት ኅሩይ መጻሕፍትን ሲቆጥሩ የጀመሩት ሥራ ዛሬ ብዙ የአማርኛ ደራስያንን አፍርቷል። ከእነርሱ ቀጥሎ የሚቆጠረው ምናልባት በእናንተ መሳቢያ ውስጥ ያለው ደብተር ይሆናል። ዛሬ ማታ ልጆች ሲተኙ አውጡት፤ አንዳችሁ አንብቡ፣ አንዳችሁ ስሙ። ከዚያ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ጊዜውና ስለ ምሥጢሩ በግልጽ ተነጋገሩ፤ ጸልዩበትም። ማተሚያ ቤቱ እስክትስማሙ ቢጠብቅ ምንም አይደለም።

ጌታ ቤታችሁንና የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።